ገዳዩን በስም እናውቀዋለን፤ የተገደሉትንስ?

በገበያ ቀን አዘና ሻይ ቤት ገብቼ ስቀመጥ፣ በፊት ያስተማርኳቸው ሦስት ወጣቶች በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ትረካ ያዳምጣሉ። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሥር በሚያስፈራ ሙዚቃ ታጅቦ፣ የለንደንን ጨለማ ጎዳና ይተርካል። አንዱ ቀና አለና «መምህር፣ የለንደኑን ጃክ ያውቁታል? እስከ ዛሬ እኮ አልተያዘም!» አለኝ። «የገደላቸውስ እነማን ናቸው?» አልኩት። «አምስት ሴቶች» አለ። «ስማቸው?» ሦስቱም ዝም አሉ።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፋት ደብረ ማርቆስ፣ በ1970 ዓ.ም. 75 ወጣት እስረኞች መገደላቸውን ስነግራቸው ደግሞ ፊልም የማወራ መሰላቸው። ያን ቀን የጀመርነውን ወሬ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

ስሙን ማን ሰጠው?

እ.ኤ.አ. በ1888 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በሚባል የድሆች ሰፈር፣ በአሥር ሳምንት ውስጥ አምስት ሴቶች ተገደሉ። ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስ እና ሜሪ ጄን ኬሊ ይባላሉ። «ጃክ» የሚለው ስም የመጣው ለአንድ የዜና ወኪል ከተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ሳይሆን ወሬ የሚያሟሙቅ ጋዜጠኛ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ጋዜጣው ተሸጠ፣ ስሙ ቀረ፣ ሴቶቹ ተረሱ። በ2015 እዚያው ምሥራቅ ለንደን የሴቶች ታሪክ ሙዚየም ይሆናል ተብሎ ፈቃድ የወጣለት ሕንፃ ሲከፈት የገዳዩ ሙዚየም ሆኖ ተገኘ።

ይህ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ አይደለም። በግብፅ፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ ራያ እና ሰኪና የተባሉ እኅትማማቾች ከባሎቻቸውና ከግብረ አበሮቻቸው ጋር ሆነው 17 ሴቶችን ለወርቃቸው ሲሉ ገድለው በየቤቱ ወለል ሥር ቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 በስቅላት ተቀጡ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ እኅትማማቾች ታሪክ ፊልም ሆነ፤ ቆይቶም ሰው የሚስቅበት የመድረክ ኮሜዲ ሆነ። የሟቾቹን ስም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ለምን ይስበናል?

መሳቡ ራሱ ሰውን ክፉ አያሰኘውም። ሰው አደጋን ከሩቅ ሆኖ ማወቅ ይፈልጋል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ እውነተኛ የወንጀል መጻሕፍት ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እንደሚስቡ አሳይቷል፤ በተለይም ከገዳይ እጅ ማምለጫ ዘዴ ያለባቸው ይመረጣሉ። ለመጠንቀቅ ብሎ ማዳመጥ አንድ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ገዳዩ «ብልህ»፣ «ምሥጢራዊ»፣ «የማይያዝ» ተብሎ ሲደነቅ፣ ሟች ደግሞ ቁጥር ብቻ ሲሆን ነው።

የጎጃሙ ጉዳይ

ተከታታይ ገዳይ የሚባለው በተለያየ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ነው። አሁን የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ በመንግሥት ሥልጣን የተፈጸመ ግድያ ነው። ጨለማ ጎዳና የለበትም። ያለው ቢሮ፣ ወረቀትና ፊርማ ነው። ምናልባት ተራኪዎች የማይደፍሩት ለዚህ ይሆናል።

በቀይ ሽብር ዘመን እሸቱ አለሙ የደርግ ተወካይ ሆኖ ጎጃም ተመድቦ ነበር። የእኛም አካባቢ ያኔ በዚያው ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። ሰውየው ቆይቶ ወደ ኔዘርላንድስ ሄዶ ዜግነት አገኘ። አገር ቤት በሌለበት የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ እሱ ግን በአውሮፓ ከተማ እንደማንኛውም ሰው ይኖር ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ተያዘ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። እሱ ጥፋቱን ቢክድም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሰኔ 2014 ፍርዱን አጸናው።

እዚያ ያደረሰው ምንድን ነው? የተረፉት ሰዎች ናቸው። ወደ አርባ ዓመት ገደማ የተሸከሙትን ይዘው ችሎት ፊት ቆሙ፤ ስለራሳቸውም ስለ ጓደኞቻቸውም ተናገሩ። ማስታወስ የፍትሕ ግማሽ መሆኑን ያሳየን ይህ ነው።

ቁርኣን እንዴት ተረከው?

የመጀመሪያው ግድያ ታሪክ በሱረቱል ማኢዳ ከ27ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይገኛል። ልብ ብላችሁ አንብቡት። የሁለቱ የአደም ልጆች ስም እንኳ አልተጠቀሰም፤ ቃቢልና ሃቢል የሚለውን ያገኘነው ከተፍሲር ነው። ቦታው፣ መሣሪያው፣ የደሙ ዝርዝር የለም። ያለው የሟቹ ቃል ነው፤ አላህን በመፍራት እጁን ወደ ወንድሙ እንደማይዘረጋ ተናገረ። ቀጥሎ ምድርን የሚጭረው ቁራ፣ የገዳዩ ጸጸት፣ ከዚያም አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደል ሰዎችን ሁሉ እንደመግደል፣ አንዲትን ማዳንም ሁሉን እንደማዳን መሆኑ ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ በግፍ በሚፈስ ደም ሁሉ ያ የመጀመሪያው ገዳይ ድርሻ እንዳለበት ነግረውናል፤ መንገዱን የጀመረ እሱ ነውና። ግድያን ማሳመር መንገዱን ለሌላ መጥረግ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ዝም እንበል?

አይደለም፤ ዝምታ ገዳይን ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ሃይድ በምትባል ከተማ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም ሕሙማኑን ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 አንዲት ሌላ ሐኪም የሟቾቹ ብዛት አሳስቧት አመለከተች። ፖሊስ ምርመራውን ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በ2000 በ15 ሰዎች ግድያ ተፈረደበት፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ደግሞ ሟቾቹን 215 አደረሳቸው። ይህን ታሪክ «ሐኪሙ እንዴት ያለ ጉደኛ ነው» ብሎ መተረክ ይቻላል። «ማን ተናገረ? ለምን አልተሰማም?» ብሎ መተረክም ይቻላል። ሁለተኛው ሰው ያድናል።

ስለዚህ ትረካ ስትከፍቱ እነዚህን ጠይቁ፦ ሲያልቅ የማስታውሰው የማንን ስም ነው? የሟች እናት አጠገቤ ብትቀመጥ ይህን ድምፅ እከፍተው ነበር? ከሰማሁት የምጠነቀቅበት ወይም ለሌላው የምደርስበት ነገር አገኘሁ? መልሱ ካሳፈራችሁ ዝጉት።

አዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው በሟቾቹ ፎቶ ተሞልቷል፤ ከገባችሁ እዩት። መሄድ ያልቻለ ደግሞ ከቤቱ ይጀምር። በ1970 ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ እየደረሰ ነው። አያቶቻችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና «ያኔ ማንን አጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ስም ጻፉት። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግራችሁ አይገኝም።

ወላሁ አዕለም።