የረጋ ወተት፦ አዲሱን ሊኑክስ መጠበቅ

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ገና ወጣት መምህራን ሳለን፣ በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ተማሪዎቹ ኮምፒዩተሩ በአማርኛ ሲያነጋግራቸው ለማየት ጓጉተው ነበር፤ እኛም ከእነርሱ ባላነሰ ጓጉተን ነበር። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት በአማርኛ የሚጫን ሆኖ ሊወጣ መሆኑን ሰምተን፣ እስኪወጣ መታገሥ ስላቃተን ገና በፈተና ላይ የነበረውን ቅጂ በዲስክ ይዘን ሄድንና በስድስት ኮምፒዩተሮች ላይ ጫንነው። ለጥቂት ቀናት ሁሉም ሰመረ። ቀጥሎ ያመጣነውን ማሻሻያ በጨመርንበት ዕለት ግን ሦስቱ ኮምፒዩተሮች ጥቁር ገጽ ብቻ ማሳየት ጀመሩ። በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስላልነበረ መፍትሔውን ለማምጣት ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ ግድ ሆነ። ተማሪዎቹም ለሁለት ሳምንታት ያህል ስለ ኮምፒዩተር ከጥቁር ሰሌዳ ተማሩ። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» የሚለውን ብሂል ያስታወስነው ያን ጊዜ ነበር።

ለመሆኑ አንድ የሊኑክስ ቅጂ ረጋ የሚባለው መቼ ነው? እስኪረጋ ስንጠብቅስ የምንጠብቀው በትክክል ምንድን ነው?

ከሲድ እስከ ረጋው

በጥብቅ አነጋገር ሊኑክስ ማለት ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ከርነሉን ከብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ጋር አስማምተው ለተጠቃሚው የሚያቀርቡት ሥርጭቶች ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዴቢያን በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1993) በኢያን መርዶክ የተመሠረተ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ነው።

ዴቢያን ሦስት መደቦች አሉት፤ ያልረጋው፣ በፈተና ላይ ያለውና የረጋው። ያልረጋው ምንጊዜም «ሲድ» ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው «ቶይ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ውስጥ አሻንጉሊቶችን ከሚሰባብረው ልጅ ነው። አዲስ የፕሮግራም ጥቅል በመጀመሪያ ወደ ሲድ ይገባል። በተለመደው አሠራር እንደ አስቸኳይነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ቆይቶ አዲስ ከባድ ስሕተት ካልተገኘበት ወደ ፈተናው መደብ ይሻገራል። በመጨረሻም የፈተናው መደብ ይከለላል፤ ማለትም አዲስ ነገር ማስገባት ቆሞ ለመውጣት እንቅፋት የሆኑ ስሕተቶችን ማረም ብቻ ይቀጥላል።

ይህ የክለላ ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ከ1994 ዓ.ም. ሐምሌ በኋላ የሚቀጥለው የረጋ ቅጂ የወጣው በ1997 ዓ.ም. ግንቦት፣ ማለትም ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በአንጻሩ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ኡቡንቱ ከጥቅምት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየስድስት ወሩ ቀን ቆርጦ ይወጣል። አንደኛው «ሲደርስ»፣ ሌላኛው «ቀኑ ሲደርስ» ይላሉ ማለት ነው።

የጓሳ ሣር

ለመንዝ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው የጓሳ ምድር፣ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የአስቦና የጌራ ተወላጆች መሬቱን በጋራ የሚጠብቁበት ሥርዓት መሥርተው ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለሦስት፣ አልፎም ለአምስት ዓመታት ይከለላል። የሚከፈተው ዓመቱ ስለሞላ ብቻ ሳይሆን፣ የሣሩ አደራረስና የሕዝቡ ችግር ታይቶ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ ቀጥሎበታል።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የተከለለው ሣር ጠባቂ ነበረው፤ እየዞረ የሚያየው ሰው ነበረው። ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው፤ ዝም ተብሎ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ለዐሥር ዓመት እንኳ አይረጋም።

ስሕተትን የማየት ሒሳብ

ይህን በቁጥር እናሳይ። አንድ ስሕተት ከ1,000 አጠቃቀም አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል እንበል። ፕሮግራሙን 100 ጊዜ ብንጠቀምበት ስሕተቱ ሳይታየን የማለፍ ዕድሉ 90 በመቶ ያህል ነው። 1,000 ጊዜ ብንጠቀምበትም ገና 37 በመቶ ያህል ይሆናል። ወደ 5 በመቶ የሚወርደው አጠቃቀሙ 3,000 ሲደርስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 0.999 በአጠቃቀሙ ቁጥር ልክ በራሱ ይባዛል።

በቀን ዐሥር ጊዜ የሚጠቀም አንድ ሰው 3,000 ለመሙላት 300 ቀን ያስፈልገዋል። እንደ እርሱ ያሉ 300 ሰዎች ግን በአንድ ቀን ይሞሉታል። እንግዲህ የመጠበቂያው ጊዜ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በሚፈትኑት ሰዎች ብዛት ነው።

የእኛ ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ፊደል በገጹ ላይ ተቆርጦ ቢታይ፣ «ጸ» ሲጻፍ ሌላ ፊደል ቢመጣ፣ ወይም ትርጉሙ ትእዛዙን ገልብጦ ቢያስቀምጥ፣ በአማርኛ የማይጠቀሙ ዐሥር ሺህ ጀርመናውያን ቢፈትኑት ስሕተቱን አያገኙትም። በሒሳባችን ውስጥ የእነርሱ አጠቃቀም ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል።

አማርኛ የገባበት ቅጂ

በመግቢያችን የጠቀስነው ቅጂ ዴቢያን 5.0 ነው፤ መጠሪያው «ሌኒ» ይባላል። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ተከለለ። በመስከረም ይወጣል ተብሎ ታስቦ የነበረ ቢሆንም የወጣው የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2009) ነው። በዚህ ቅጂ የመጫኛው ቋንቋዎች 63 የደረሱ ሲሆን፣ አዲስ ከገቡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። ይሁንና ፊደሉ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው የመጫኛ ገጽ ላይ መታየት ስላልቻለ፣ አማርኛን መምረጥ የሚቻለው በሥዕላዊው ገጽ ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉ ቋንቋዎች በጠቅላላው 13 ነበሩ።

እኛ ከየካቲት በፊት ቸኩለን የጫንነው ይህንኑ ነው። ዛሬ ስናስበው የበለጠ የሚቆጨን መቸኮላችን አይደለም፤ በፈተና ላይ ያለ ቅጂ እኮ የሚወጣው እንዲፈተን ነው። የሚቆጨን ተማሪዎች በሚማሩባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ መጫናችን፣ ከዚያም ጥቁሩን ገጽ ያየነውን ያህል አንድ መስመር እንኳ ጽፈን ለሠሪዎቹ አለማሳወቃችን ነው። አይተን ዝም ስላልን በሒሳቡ ውስጥ አልተቆጠርንም።

ለሚቀጥለው ጥበቃ

ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13፣ «ትሪክሲ»፣ 69,830 ጥቅሎችን ይዟል። ሆኖም ለአሮጌዎቹ ባለ32 ቢት ኮምፒዩተሮች መጫኛም ሆነ ከርነል አላቀረበም። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ያሉት ትምህርት ቤት ይህን ሳያጣራ አዲሱን ቅጂ ቢጠብቅ ጥበቃው በከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከቅጂው ጋር የሚወጣውን መግለጫ አስቀድሞ ማንበብ ከጥበቃው ሥራ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መፈተን ነው። ቀጣዩ ቅጂ ሲከለል፣ ማንም ሥራ የማይሠራበት አንድ ኮምፒዩተር ይመረጥና ይጫንበት። መጫኛው በአማርኛ ይሞከር፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ከነርባታቸው ይጻፍ፤ የአማርኛ ጽሑፍ ይታተምበት። የተበላሸ ነገር ሲገኝ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተጠበቀና ምን እንደታየ፣ ድጋሚ ሲሞከርም ይታይ እንደሆነ በአጭሩ ይጻፍ። ዴቢያን የስሕተት መልእክቶችን በኢሜይል ስለሚቀበል፣ በመሐል ሜዳ ወይም በራቤል ያለ ተማሪ ኔትወርክ በሌለበት ጽፎ፣ ኔትወርክ ባገኘበት ቀን ሊልከው ይችላል።

እኛ በዚያ ዓመት ጥር ወር ላይ ሦስቱን ኮምፒዩተሮች በቀድሞው የረጋ ቅጂ መልሰን ሌኒን ጠበቅን። በወጣ ጊዜም ዲስኩን ይዘን ወደ መንዝ ወጣን። በመጀመሪያ የጫነችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ገጹን እያነበበች አንድ የትርጉም ስሕተት አገኘችና «ቲቸር፣ ይኼ ለማን ይነገራል?» ስትል ጠየቀችን። ያን ጊዜ መልሱን አውቀነዋልና አብረን ጻፍነው።