ኃይለኛው ውሻ የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ የቆየ ወዳጄ ስልክ ደውሎ፣ «አንተ ሕግ ተምረሃል፣ ውሻም ታውቃለህ፤ ካውኬዥያን የሚባለውን ቡችላ ልገዛ ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሕግ መማሬ እውነት ነው። ስለ ውሻ የማውቀውን ግን የተማርኩት ከፍዬ፣ ያውም ካሣ ከፍዬ ነው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነና የብዙዎቻችንም ጥያቄ እየሆነ ስለመጣ በዚህ ዓምድ ላነሳው ወደድኩ።

በአዲስ አበባ አዳዲስ ሠፈሮች በእግሩ የሚዘዋወር ሰው «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በየበሩ ያነባል። ጽሑፉ ኖሮ ውሻው የሌለበት ቤትም አይጠፋም፤ ይኼኛው ባለቤት ብልህ ነው። እውነተኛውን ኃይለኛ ውሻ፣ ማለትም እንግዳ የማይወደውን፣ ለማንም ጭራውን የማይቆላውን፣ ከአንድ ሰው በቀር የማይታዘዘውን ውሻ ግን ማን ቢይዘው ይሻላል?

በቅድሚያ «ኃይለኛ» የምንለው ጠባይ ሁለት ዓይነት መሆኑን እንለይ። አንደኛው በዘር የሚመጣ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ፣ ለሥራ ብሎ የፈጠረው። ዶበርማንን እንውሰድ። ዘሩን ያስገኘው ካርል ፍሪድሪክ ሉዊስ ዶበርማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አፖልዳ ከተማ የኖረ ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ባለቤት አልባ ውሾችን የመያዝ ሥራም ነበረው። ግብር ሰብሳቢ ያን ጊዜም ቢሆን እንደ ዛሬው ተወዳጅ አልነበረም። ሰውየው አብሮት የሚዞር፣ እሱን ብቻ የሚያምን፣ ሌላውን ሁሉ የሚጠረጥር ውሻ ፈለገና እያዳቀለ አገኘው። ውሻና ባለቤት እንዲህ ልክክ ያሉበት አጋጣሚ ብዙ ያለ አይመስለኝም። እሱ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሞተ በኋላ ዘሩን የተረከቡት አርቢዎች ግን የውሻውን ጠባይ ወደ ማለስለስ ሄዱ። ውሻው ተበላሽቶ አይደለም፤ ገዢው ተለውጦ ነው። አዲሱ ገዢ ግብር ሰብሳቢ ሳይሆን ሚስትና ልጆች ያሉት የከተማ ሰው ነበር።

ወዳጄ የተመኘው ካውኬዥያንና የቱርኩ ካንጋል ደግሞ የመንጋ ጠባቂዎች ናቸው። ሥራቸው ሌሊት ከበጎቹ ጋር አድሮ፣ ተኩላ ሲመጣ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ራሳቸው ወስነው መጋፈጥ ነው። ናሚቢያ ውስጥ አቦሸማኔን ለመታደግ የተቋቋመ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ውሾችን ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ ውሻው ፍየሎቹን ከጠበቀ ገበሬው አቦሸማኔውን የሚገድልበት ምክንያት ይቀንሳል ከሚል ሐሳብ ተነስቶ። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን «ራሱ የሚወስን» ጠባይ በሜዳ ላይ ምስጋና ሲያተርፍ፣ 200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ ዳቦ ገዝታ የምትመለሰው የቤት ሠራተኛ ላይ ሲወስን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት ኃይለኛነት ፍርሃት ነው፤ እኛ አገር በብዛት ያለውም ይኼኛው ይመስለኛል። ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ቡችላ ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። እኛ ደግሞ ቡችላውን ልክ በዚህ ጊዜ አምጥተን «ሰው እንዳይለምድ» ብለን ከጓሮ እናስረዋለን። ከዚያም ቀን ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት በግቢ። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ አይችልም፤ የቀረለት ምርጫ መናከስ ነው። ይህን ጀግንነት ብለን እንጠራዋለን።

የእኔው ውሻ መቻል ከሁለቱም ነበረበት። ጀርመን ሸፐርድ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ጆሮው አንዱ ቆሞ አንዱ የተኛ፣ ትልቅ ውሻ። ሰባት ወር ሙሉ ያበላው፣ ያጠበውና ማታ ማታ አብሮት በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛችን ነው። እኔ ጠዋት በመኪና እወጣለሁ፣ ሲመሽ በመኪና እገባለሁ። ለእንግዳ ግን «የእኔ ውሻ» እያልኩ አሳይ ነበር። ዘበኛው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጨምርልኝ ሲለኝ ዝም ብዬው ነበር። በማግስቱ ማታ ደርሼ በሩን ልከፍት ከመኪናዬ ስወርድ መቻል ከውስጥ ሆኖ ጥርሱን አሳየኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እኔ ያበላሁት ደግሞ በደመወዜ እንጂ በእጄ አልነበረም።

አዲሱ ዘበኛ ውሻውን ስለፈራ ሰንሰለቱ ቀንም ሌትም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ወጣት በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ባቱን ነከሰው።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ላስረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ የማይገመት ቢሆንም ጭምር። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» ማለት አያድንም። ቁጥር 2072 እንስሳውን ተረክቦ የያዘውንም ሰው ኃላፊ ያደርጋል፤ የባለቤቱ ተቀጣሪ ሆኖ የያዘውን ግን ነፃ ይለቀዋል። ስለዚህ ዘበኛው አይጠየቅም። ቁጥር 2073 ደግሞ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከዕዳው መውጣት እንደሚችል ይናገራል፤ በሬ ወይም በቅሎ ሲሆን ትርጉም ያለው ነገር ነው። የነከሰህን ውሻ ውሰድ ብሎ ለተነከሰው ሰው ማቅረብ ግን ስድብ ይመስላል፤ ደግሞም ባለቤቱ ጥፋት ካለበት ይህም በር ዝግ ነው። እኔ ጥፋት ነበረብኝ።

በሕግ ዓይን የመቻል ጌታ እኔ ነበርኩ፤ በመቻል ዓይን ደግሞ የሄደው ዘበኛ። አብዛኛው የከተማችን ኃይለኛ ውሻ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ወጣቱን ቁስሉን ለረጅም ጊዜ በሳሙናና በውኃ አሳጥበን (ሐኪሞች 15 ደቂቃ ይላሉ) ወደ ጤና ተቋም ወሰድኩት። መቻል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ቢሆንም ለ10 ቀናት ተለይቶ ታስሮ ታየ። እነዚያን አሥር ቀናት አልረሳቸውም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የተያዘውን ሰው ማዳን ከሞላ ጎደል አይቻልምና በየጠዋቱ ከቢሮ በፊት ሄጄ ውሻው መብላቱን አይ ነበር። ውሻው ደህና ሆነ፤ ልጁም ዳነ። የሕክምናውንና ከሥራ የቀረበትን ከፈልኩ፤ ሊከሰኝ ሲችል አልከሰሰኝም።

ታዲያ ኃይለኛ ውሻ የሚስማማው ሰው የለም ማለቴ ነው? አይደለም። የገጠሩን ገበሬ ተመልከቱ። ውሻው እንግዳ አያስደርስም፤ ግን አካባቢው ሁሉ ሕጉን ያውቃል። መጪው ከሩቅ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል፤ ውሻው ሳይያዝ የሚጠጋ የለም። ውሻው ሥራ አለው፤ ጅብ አለ፣ በረት አለ። የሚያበላው፣ የሚቆጣውና የሚያዝዘው ያው አንድ ቤተሰብ ነው። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ መጋዘን ወይም የከብት እርባታ ያለው፣ ራሱ ቦታው ላይ የሚውልና የሚያድር ሰውም እንዲሁ። እንግዳ የማያበዛ፣ ዝምተኛ፣ ቀኑን በሰዓት የሚመራ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ውሻ ጋር ይግባባል፤ ከሰው ጋር ከሚግባባው በላይ የሚግባባም አይቻለሁ።

የእኛ የከተማ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ ማኅበር ይደርሳል፣ የልጆች ጓደኞች ሳይነግሩ ይመጣሉ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ተተክሎ በሩ ለቀናት ክፍት ይውላል። ያን ሁሉ ሰው እንደ ተኩላ የሚያይ ውሻ ይዞ እንዲህ ያለ ኑሮ መኖር አይቻልም። አንዱ መቅረት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እንግዳው ነው። ለሌባው ደግሞ ጩኸት ይበቃዋል። ዘሩ የማይታወቀው የሠፈራችን ውሻ፣ ስሙ ቦቢ ይሁን ጃክ፣ ኮሽ ሲል ይጮኻል፣ ቤቱን ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ከልጆች ጋር ይጫወታል።

መቻልን መጨረሻ ላይ ለቀድሞው ዘበኛችን ሰጠሁት። ሰበታ አካባቢ የከብት እርባታ ይጠብቅ ነበር፣ የአሠሪውንም ፈቃድ አገኘ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ከሩቅ ቆሜ «ውሻ ያዝ!» አልኩ። ያዘልኝ።

ለወዳጄ መልሼ ደወልኩለትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ቡችላውን የሚያበላው ማን ነው?»

«ዘበኛው ነዋ! እኔ መች ጊዜ አለኝ?»

«ከተቀጠረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር።»

ቅዳሜ ቡችላውን ሊያይ እንደሚሄድ ነገረኝ። ዘበኛውን ይዘኸው ሂድ አልኩት።