የእጅ ምልክቶች የልደት ቀን

አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቆም «ጎበዝ»፣ «ተስማምቻለሁ»፣ «ሁሉ ደኅና» ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። ከየት መጣ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሮምን ይጠራል። የተሸነፈው ግላዲያተር አሸዋው ላይ ወድቆ ሳለ ተመልካቹ አውራ ጣቱን ሽቅብ ካደረገ ሕይወቱ ይተርፋል፤ ቁልቁል ካደረገ ይገደላል። ታሪኩ ፊልም ላይ ያምራል። ችግሩ ከሮማውያን መዛግብት ሳይሆን ከአንድ ፈረንሳዊ ሸራ የመጣ መሆኑ ነው።

ሠዓሊው ዣን ሊዮን ዤሮም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1872 በሣለው ትልቅ ሥዕል ላይ የትርዒቱ ታዳሚዎች አውራ ጣታቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው የተሸናፊውን ሞት ይጠይቃሉ። ሮማዊው ገጣሚ ዩቬናል ሕዝቡ አውራ ጣቱን አዙሮ ሰው ያስገድል እንደነበር ጽፏል፤ ወደየት እንደሚያዞረው ግን አልተናገረም። ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ በበኩሉ አውራ ጣትን መጫን የበጎ ፈቃድ ምልክት እንደነበር መዝግቧል። እነዚህንና ሌሎች ማስረጃዎችን የመረመረው አሜሪካዊው ምሁር አንቶኒ ኮርቤይል እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የተለመደውን ታሪክ ገለበጠው። በእሱ አረዳድ ምሕረት የሚሰጠው አውራ ጣትን በተጨበጠው እጅ ላይ አጋድሞ በመጫን ነው፤ የቆመው አውራ ጣት የሞት ፍርድ ነበር። ጥናቱ ግን ሥዕሉን አልረታውም። ሪድሊ ስኮት «ግላዲያተር»ን ለመሥራት የተነሣሣው የዤሮምን ሥዕል ቅጂ አይቶ ነው፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ የተዘቀዘቀው ጣት ለአዲስ ትውልድ ተላለፈ።

የቆመ አውራ ጣት መልካም ትርጉሙን ይዞ በዓለም የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሞተር ጩኸት መካከል ቃል መለዋወጥ የማይችሉ አብራሪዎችና የምድር ሠራተኞች በአውራ ጣት ይግባቡ ነበር፤ የአሜሪካ ወታደሮችም በየደረሱበት ይዘውት ሄዱ። ኢራንና ኢራቅ ውስጥ ግን ያው ጣት ከባድ ስድብ ሆኖ ኖሯል። አሁን ደግሞ ስልክ ውስጥ ገብቶ የሕግ አቅም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት አንድ ገበሬ የተልባ ሽያጭ ውል በስልኩ ተላከለትና የአውራ ጣቷን ምስል መለሰ። ተልባውን ሳያስረክብ በመቅረቱ ገዢው ኩባንያ ከሰሰው። ገበሬው «መልእክቱ ደርሶኛል ማለቴ ነው» ብሎ ቢከራከርም ፍርድ ቤቱ በ2023 ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥሮ ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ይግባኙም አላዋጣውም።

ሸራ የወለደው «የሮም ምልክት» ይህ ብቻ አይደለም። ቀኝ ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት የሚዘረጋው ሰላምታ በጥንት ሮማውያን ጽሑፎች ውስጥ በዚያ መልኩ ተገልጾ አይገኝም። በጉልህ የታየው ዣክ ሉዊ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1784 በሣለው የሆራቲ ወንድማማቾች የመሐላ ሥዕል ላይ ነው። ከዚያ ወደ ቲያትር፣ ከቲያትር ወደ ድምፅ አልባ ፊልም ተሻገረ፤ በ1914 የወጣው የጣሊያን ፊልም «ካቢሪያ» ሮማውያኑን በዚህ ሰላምታ አሳያቸው። በፊልሙ ሥራ የተሳተፈው ገጣሚ ጋብሪየሌ ዳኑንዚዮ በ1919 የፊዩሜን ከተማ በጦር ሲይዝ ሰላምታውን ለተከታዮቹ አስለመደ። ሙሶሊኒ ከእሱ ወሰደ፣ ሂትለርም ተከተለ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር የጥንት አባቶቻችን ነው እያለ ይዘረጋው የነበረው ክንድ ዕድሜው ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመት የማይበልጥ የሠዓሊ ፈጠራ ነበር። የአሜሪካ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለባንዲራቸው በተመሳሳይ መንገድ ክንዳቸውን ይዘረጉ ነበር፤ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 እጅን ደረት ላይ በማድረግ ተካው።

በእርግጥ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ስድብ ነው። የመሃል ጣትን አቁሞ ማሳየት በአቴናው ጸሐፌ ተውኔት አሪስቶፋነስ ኮሜዲ ውስጥ ይገኛል፤ «ደመናዎች» የተባለው ተውኔት መድረክ ላይ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ነው። ሮማውያንም ጣቱን ኀፍረተ ቢስ ይሉት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ካሲየስ ኬሪያ የተባለውን የጥበቃ መኮንን ሊያዋርድ ሲፈልግ፣ እንዲስመው የዘረጋለትን እጅ በነውር ቅርጽ ያንቀሳቅሰው እንደነበር ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሱኤቶኒየስ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ41 ካሊጉላን ከገደሉት ሰዎች አንዱ ይኸው ኬሪያ ነው።

የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ግን እንዲህ ዓይነት የታሪክ መዝገብ የለውም። አጥኚዎች ሁለት ዓይነት ይለያሉ። አንደኛው ሰው ሲናገር ሳያስበው የሚያወናጭፈው እጅ ነው። ይህ ከንግግር ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ልጆች እጅ ሲንቀሳቀስ አይተው ሳያውቁ፣ ከሌላ ዓይነ ስውር ጋር ሲያወሩ እንኳ፣ እጃቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ አሳይቷል። ሁለተኛው ያለ ቃል ብቻውን ቆሞ ትርጉም የሚሰጠው ምልክት ነው፤ እሱ እንደ ቋንቋ ከጎረቤት የሚለመድ ነው። አርጀንቲናዊው ዴቪድ ኤፍሮን በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድንና የደቡብ ጣሊያን ስደተኞችን እጅ ሠዓሊ ቀጥሮ እያሣለ አጠና። አዲስ መጤዎቹ በሩቅ የሚለይ የየራሳቸው የእጅ አጣጣል ነበራቸው። አሜሪካን የተላመዱት ልጆቻቸው ዘንድ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። በዘመኑ ናዚዎች የእጅ አነጋገርን ከዘርና ከደም ጋር ሲያያይዙ ስለነበር ግኝቱ ለእነሱ መልስ ሆነ።

የሚለመድ ነገር የሚጀመርበት ቀን አለው። ለዚህ ሁለት ጣትን አቁሞ መለየትን የሚያህል ምስክር የለም።

እንግሊዞች ስለዚህ ምልክት የሚያወሩት ተረት እ.ኤ.አ. ወደ 1415 ይወስዳል። ፈረንሳዮች የሚማርኳቸውን እንግሊዛውያን ቀስተኞች ጣት እንቆርጣለን ብለው ዝተው ነበር፤ በአዠንኩር ድል የነሡት ቀስተኞች ያልተቆረጠውን ጣታቸውን እያሳዩ ተሳለቁባቸው ይባላል። ቀስተኞቹ እንዲህ አደረጉ የሚል አንድም የዘመኑ ጸሐፊ የለም። የመዳፍን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጎ ሁለት ጣት ማሳየት እንግሊዝ አገር ስድብ ነው፤ ይህ ስድብ በካሜራ ተይዞ የምናየው በ1901 በሮዘራም የብረት ፋብሪካ በር ላይ በተቀረጸ ፊልም ነው። መቀረጽ ያልወደደ አንድ ሠራተኛ ሁለት ጣቱን ለካሜራው ያቀምሰዋል።

የድሉ ምልክት ልደት ግን ቀኑ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 1941። ከናዚ ወረራ ሸሽቶ ለንደን የነበረው የቀድሞው የቤልጂየም የፍትሕ ሚኒስትር ቪክቶር ደ ላቭሌ በቢቢሲ ሬዲዮ ለአገሩ ሰዎች ተናገረ። ቤልጂየማውያን በሁለት ቋንቋ የተከፈሉ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ድል፣ በፍላሚሽ ነጻነት የሚሉት ቃላት ግን የሚጀምሩት በአንድ ፊደል፣ በ«ቪ» ነው። ሕዝቡ ይህን ፊደል በየግድግዳው እንዲጽፍ ጠየቀ። ፊደሉ በጥቂት ወራት ውስጥ በተያዘችው አውሮፓ ተዛመተ። በሞርስ ኮድ ሦስት አጭርና አንድ ረጅም ድምፅ በመሆኑም ከቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ጋር ገጠመ፤ ቢቢሲም መለያ አደረገው። ቸርችል በሐምሌ 1941 ዘመቻውን በይፋ ከደገፈ በኋላ ሁለቱ ጣቶች የእሱ መታወቂያ ሆኑ። መጀመሪያ አካባቢ መዳፉን በስድቡ አቅጣጫ እያዞረ የሚያሳይባቸው ፎቶግራፎችም አሉ።

ከዚያ ጣቶቹ ባለቤት ቀያየሩ። በ1960ዎቹ የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ አሜሪካውያን ወጣቶች የጦር ድል ምልክት የነበረውን ለሰላም አዋሉት። ጃፓን ውስጥ ፎቶ የሚነሣ ሁሉ ሁለት ጣቱን ያነሣል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርጫ ደግሞ የገዢው ኢሕአዴግ የምርጫ ምልክት ንብ ሲሆን የተቃዋሚው ቅንጅት ሁለት ጣት ነበር። ሚያዝያ 30 በመስቀል አደባባይ በተደረገው የተቃዋሚዎች ሰልፍ ከፍ ያለው ጣት ለንደን ላይ በቤልጂየማዊ ንግግር የተጀመረ መሆኑን ያሰበ ሰልፈኛ ይኖር አይመስልም፤ ማሰብም አያስፈልገውም ነበር።

ከሬዲዮ ቀጥሎ ምልክቶችን ያዋለደው ስታዲየም ነው። ሁለት ሰዎች መዳፋቸውን ከፍ አድርገው የሚማቱበት የደስታ ምልክት መነሻው ብዙውን ጊዜ የሎስ አንጀለስ ቤዝቦል ሜዳ እንደሆነ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1977 ግሌን በርክ ለዳስቲ ቤከር እጁን ከፍ አድርጎ ጠበቀው፣ ቤከርም መታው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በፊት በሜክሲኮ ኦሎምፒክ አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጥቁር ጓንት የለበሰ ቡጢያቸውን በሜዳሊያ መድረክ ላይ አንሥተው ከቡድናቸው ተባረሩ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ የሪዮን ማራቶን በ2፡09፡54 ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ምልክቱን ያኔ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች ላይ የሚያውቁት ብዙ ነበሩ፤ የቀረው ዓለም ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

እጅ በገበያ ሥራው ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዢ በአንድ አዳራሽ ዋጋ እየጮኹ ይደራደሩና ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር፤ ግብይቱ የሚጸናው በዚያ ነው። በቺካጎ የእህል ገበያ አዳራሽ መዳፉን ወደ ራሱ ያዞረ ገዢ፣ ወደ ውጭ ያዞረ ሻጭ ነበር። በሶማሌዎች የግመልና የከብት ገበያ ግን ዝምታ ይበልጣል። ተደራዳሪዎቹ እጃቸውን በጨርቅ ሥር ይጨባበጣሉ፤ ጣት በመያዝና በመጭመቅ ዋጋ ይጠራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ። ከአጠገባቸው የቆመው ተወዳዳሪ የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። ኮምፒውተር የጩኸቱን ገበያ ሲተካ የአዲስ አበባው የመዳፍ ምት ከሥራ ወጣ፤ በቺካጎም አብዛኛው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘጋ። የጨርቅ ሥሩ ድርድር ግን ኮምፒውተር አላሰጋውም።

መጨባበጥ ራሱ የመሣሪያ አለመያዝ ማረጋገጫ ሆኖ ተጀመረ የሚለው ግምት በሰፊው ይደጋገማል። እርግጡ ከኒምሩድ የተገኘው የድንጋይ ቅርጽ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው ምዕት ዓመት የነገሠው የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር የባቢሎንን ንጉሥ ጨብጦ ይታያል። በኢትዮጵያ ጭብጡ ደረጃ አለው። ታላቅን የሚጨብጥ ሰው በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ደግፎ ዝቅ ይላል። ማዕድ ላይ ያለና እጁ ወጥ የነካው ሰው የእጁን አንጓ ያቀርባል፤ እንግዳው እሱን ይይዛል። ሽማግሌ ሲመርቅ መዳፍ ወደ ላይ ይዘረጋል። ሰው የሚጠራው ደግሞ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ጣቶችን ወደ ራስ በመሳብ ነው፤ ትልቅ ሰውን መዳፍ ሽቅብ አድርጎ በአንድ ጣት መጥራት ንቀት ነው።

ለመንገደኛ የሚያስቸግሩት በቅርጽ አንድ፣ በትርጉም ብዙ የሆኑት ናቸው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጥሙ የሚሠሩት ቀለበት ለአሜሪካዊ «እሺ»፣ ለፈረንሳዊ «ዜሮ»፣ ለጃፓናዊ ገንዘብ፣ ለብራዚላዊ ብልግና ነው። ባሕር ጠላቂዎች ግን በዓለም ዙሪያ ለ«ደኅና ነኝ» ቀለበቱን መርጠዋል፤ ከውሃ በታች የቆመ አውራ ጣት «ወደ ላይ እንውጣ» ስለሚል «ደኅና ነኝ» ሊሉበት አይችሉም።

አምስቱን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ሽቅብ መያዝም እንዲሁ ነው። የናፖሊው ቄስ አንድሬያ ደ ዮሪዮ የከተማውን ሕዝብ ምልክቶች ከጥንታዊ ሥዕሎችና ሐውልቶች ጋር እያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ1832 መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ናፖሊ የዚህ ጥናት ዋና ከተማ ሆናለች። በጣሊያን የተገጠሙት ጣቶች ወዝወዝ ሲሉ «ምን እያልክ ነው? ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ትዕግሥት ያለቀበት ጥያቄ ይሆናሉ። በቤይሩት፣ በሪያድና በቴል አቪቭ ግን ትዕግሥት መለመኛ ናቸው። እዚያ ሥራ የጀመረ ኢትዮጵያዊ ታክሲ ውስጥም ሱቅ ውስጥም ቶሎ ከሚያውቃቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከስልክ ምስሎች ተርታ ሲገባ ሁለቱም ወገኖች የእኛ ነው አሉ፤ ስለዚህ ዛሬ ከናፖሊ «ምን ፈልገህ ነው?» ተብሎ የተላከው ቴል አቪቭ ሲደርስ «አንዴ ቆይ፣ ታገሰኝ» ተብሎ ይነበባል።