ፋይል ሲስተሙ ሲጮኽ ጥፋቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 የሊኑክስ 4.0 እትሞችን በሰርቨሮቻቸው ላይ የጫኑ አንዳንድ ሰዎች ፋይሎቻቸው እየተበላሹ መሆኑን ማሳወቅ ጀመሩ። የስህተት መልእክቱን የሚጽፈው ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም ስለነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ኢኤክስቲ4 ዳታ ያጠፋል የሚል ዜና ተሰራጨ። ምርመራው ሲጠልቅ ግን ጥፋቱ የተገኘው ከፋይል ሲስተሙ በታች፣ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ዲስክ በሚያሠራው የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ ውስጥ ነበር። በሬይድ 0 ኮድ ውስጥ የዲስክ አድራሻ የያዘ አንድ ቁጥር ከስሌት በኋላ ወደ ቀድሞ ዋጋው መመለስ ነበረበት፤ ይህን የሚያደርገው መስመር ያለቦታው በመግባቱ ግን ሌላ ቁጥር ይመለስ ነበር። በዚህም የተነሳ አንድ ፋይል ሲሰረዝ ቦታው መለቀቁን ለማሳወቅ ለኤስኤስዲ የሚላከው ትእዛዝ አድራሻውን ይስትና ምንም ግንኙነት የሌለውን የሌላ ፋይል ይዘት ይጠርግ ነበር። መፍትሔው ያንን መስመር ወደ ትክክለኛ ቦታው ማዛወር ሆነ።

በ2018 መጨረሻ ሊኑክስ 4.19 ሲወጣ ታሪኩ ተደገመ። ፋይሎች ተበላሹ፣ ጣት በኢኤክስቲ4 ላይ ተቀሰረ፤ በዲሴምበር የተገኘው ስህተት ግን የንባብና የጽሕፈት ጥያቄዎችን አሰልፎ ለዲስክ በሚያቀርበው ክፍል ውስጥ ነበር። ከእነዚህ ሁለት ክስተቶች የምወስደው ትምህርት ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፋይል ሲስተም ብዙውን ጊዜ መርዶ ነጋሪ ነው፤ መርዶ ነጋሪን ደግሞ ገዳይ ነህ ብሎ መያዝ ምርመራውን ያስታል። በሶፍትዌር ሬይድ ላይ በተቀመጠ ሰርቨር ብልሽት ሲታይ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ሳይሆን ጥፋቱ በየትኛው ንብርብር እንዳለ ማወቅ ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ሊድን ይችል የነበረውን ዳታ ጭምር ያጠፋል።

ፋይል ሲስተም የሚጮኸው ጮኾ መናገር የሚችል ስለሆነ ነው። የትኛው ብሎክ የየትኛው ፋይል እንደሆነ፣ የትኛው ነፃ እንደሆነ፣ የትኛው ስም ወደ የትኛው ፋይል እንደሚያመራ የሚገልጽ የራሱ መዝገብ አለው፤ በመዝገቡ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲያገኝ ያስታውቃል። ከሥሩ ያለው ሬይድ ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትስ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1988 ሬይድን ያስተዋወቀውን ጥናታቸውን ሲያቀርቡ መመለስ የፈለጉት ጥያቄ ከብዙ ርካሽ ዲስኮች አንዱ ሥራ ቢያቆም ዳታው እንዴት ይተርፋል የሚል ነበር። መልሱም ይሠራል፤ በሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት የጎደለው ከቀሩት ዲስኮችና ፓሪቲ ከሚባለው ማመሳከሪያ ተሰልቶ ይገኛል። ዲስኩ ሳይሞት የተሳሳተ ዳታ ቢሰጥስ? ፓሪቲው በመካከላቸው አለመስማማት እንዳለ ይናገራል እንጂ የሚዋሸው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። እንዲያውም በተለመደው ንባብ ጊዜ ፓሪቲው ከነጭራሹ አይመሳከርም፤ ዲስኩ ያለ ስህተት መልእክት የሰጠው ሁሉ እንደ እውነት ተወስዶ ወደ ላይ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ዝምተኛ ብልሽት በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን በ41 ወራት ውስጥ ተከታትሎ፣ የተነበበው ዳታ ቼክሰም ከሚባለው፣ ከተመዘገበለት የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያልተስማማባቸውን ከ400,000 በላይ አጋጣሚዎች አግኝቷል። እነዚያ ሲስተሞች ስህተቱን ያዩት ቼክሰም ስለነበራቸው ነው። የተለመደው የሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ፣ ተጨማሪ ነገር ካልተዋቀረለት በስተቀር፣ ለዳታው ቼክሰም አይይዝም። ያለው መሣሪያ ሁሉንም ዲስኮች አንብቦ የማይስማሙትን ቦታዎች የሚቆጥር ፍተሻ ነው። ከፍተሻው ጎን "ጥገና" የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሬይድ 1 ይህ ትእዛዝ አንደኛውን ቅጂ እንደ ትክክለኛ ወስዶ በሌላው ላይ ይገለብጠዋል። በሬይድ 5 እና በሬይድ 6 ደግሞ ዳታው ትክክል ነው ብሎ ፓሪቲውን እንደገና ያሰላል። የተበላሸው ዳታው ሆኖ ፓሪቲው ደህና ከነበረ፣ ትእዛዙ የቀረውን ብቸኛ ምስክር አጠፋው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍተሻው ዜሮ ልዩነት ያሳያል፤ ሁሉም በአንድነት ስለተሳሳቱ።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል። በሬይድ 5 አንድ ጽሕፈት ቢያንስ በሁለት ዲስኮች ላይ ያርፋል፤ አንዱ ዳታው፣ ሌላው ፓሪቲው። ኃይል በመካከሉ ቢቋረጥ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ፓሪቲው ዳግም ተሰልቶ ሳያልቅ አንድ ዲስክ ሞቶ የጎደለው ከአሮጌው ፓሪቲ ሲሰላ ግን የሚወጣው ዳታ ማንም ያልጻፈው ይሆናል፤ ያውም በመብራቱ መጥፋት ሰዓት ማንም ባልነካው ፋይል ላይ ጭምር። ሊኑክስ ከ4.4 እትም ጀምሮ ጽሕፈትን አስቀድሞ እየመዘገበ ይህን ክፍተት የሚዘጋ የሬይድ ጆርናል አለው፤ ሆኖም አስተዳዳሪው ራሱ ካላዋቀረው አይሠራም። የፋይል ሲስተሙ ጆርናል ይህን ሥራ አይተካም፤ እርሱ የሚጠብቀው የራሱን መዝገብ ቅደም ተከተል ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ መጻፍ ይቁም። አገልግሎቶቹ ይዘጉ፣ ፋይል ሲስተሙ ይነቀል። ለማየት ብቻ መልሶ መክፈት ቢያስፈልግ እንኳ ጥንቃቄ ይሻል፤ ኢኤክስቲ4 "ለንባብ ብቻ" ተብሎ ሲከፈት ያልተጠናቀቀ ጆርናል ካለው ጆርናሉን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ይህን የሚከለክለው አማራጭ ለብቻው መሰጠት አለበት። ቀጥሎ የከርነሉ መልእክቶች ከመጀመሪያው ስህተት ጀምሮ ይነበቡ። መጨረሻ ላይ የሚታየው የፋይል ሲስተም ጩኸት ከሰዓታት በፊት በዲስክ ወይም በኬብል ስህተት የጀመረ ሊሆን ይችላል። ዲስኮቹ ስለራሳቸው የሚይዙት የስማርት መዝገብም ብዙ ይናገራል። 197ኛው መለኪያ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን ይቆጥራል፤ 199ኛው ሲጨምር ደግሞ ጥርጣሬው ከዲስኩ ይልቅ ወደ ኬብሉ ይሄዳል፤ ኬብል መቀየር ደግሞ ዲስክ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። የሰርቨሩ ራም ስህተቱን ራሱ የሚያርም (ኢሲሲ) ካልሆነ እሱም ይፈተሽ፤ ምክንያቱም በራም ውስጥ የተበላሸ ዳታ ወደ ሁሉም ዲስኮች እኩል ተጽፎ ሬይዱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ የሬይዱ ተራ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ በራሱ ላይ የክስተት ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከሌሎቹ ወደኋላ የቀረ ዲስክ ከሬይዱ ቀድሞ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን በግድ መልሶ ማስገባት የትናንቱን ዳታ ከዛሬው ጋር መቀላቀል ነው። ዲስክ ከሬይድ ሲወጣ ሁልጊዜ ሞቷል ማለትም አይደለም። ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ አንዳንድ ዲስኮች አንድን አስቸጋሪ ሴክተር ለማንበብ ከ2 ደቂቃ በላይ ሊታገሉ ይችላሉ፤ ሊኑክስ ግን በተለመደው አሠራሩ 30 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ ትእዛዙን ያቋርጣል፣ ዲስኩም ከሬይዱ ሊባረር ይችላል። በዚህ ደረጃ ከሁሉ የከፋው ስህተት ሬይዱን "እንደ አዲስ መፍጠር" ነው። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ቢሳሳት፣ ወይም ሬይዱን የሚፈጥረው የዛሬው መሣሪያ ዳታው የሚጀምርበትን ቦታ ከድሮው ለየት አድርጎ ቢመርጥ፣ ማመሳሰሉ ሲጀምር የነበረው ሁሉ በላዩ ይጻፍበታል።

ፋይል ሲስተምን የሚመረምረውና የሚጠግነው ኤፍኤስሲኬ የተባለው መሣሪያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ምንም ሳይጽፍ እንዲመረምር ታዝዞ። እዚህ ላይ እጅግ ጠቃሚ ምልክት አለ። ያልተከፈተውን ፋይል ሲስተም ሁለት ጊዜ በተከታታይ መርምሮ ውጤቱ የተለያየ ከሆነ ጥፋቱ ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልጻፈበት መዝገብ በራሱ አይለዋወጥም። በሬይድ 1 ንባቡ አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ዲስክ ስለሚመጣ ሁለቱ ቅጂዎች ከተለያዩ ውጤቱም ይለያያል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ኤፍኤስሲኬን "ለሁሉም እሺ" ብሎ መልቀቅ መሣሪያው ከተሳሳተ ንባብ ተነስቶ በዳታው ላይ እንዲፈርድ መፍቀድ ነው። ኤፍኤስሲኬ የተሠራው ፋይል ሲስተሙን እርስ በርሱ የማይጋጭ ለማድረግ ነው፤ የሰዎችን ፋይል የማዳን ግዴታ የለበትም። የሚጋጨውን ክፍል ቆርጦ መጣል ለእርሱ የተሳካ ጥገና ነው።

እዚህ ላይ ሥራ ቆሞ ደንበኛ እየጠበቀ ይህን ሁሉ ማድረግ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ሰርቨሩ ኃይል ተቋርጦበት ተነስቶ ጆርናሉን አጫውቶ ከተስተካከለና ከታች ያሉት ንብርብሮች ስህተት ካላሳዩ ነገሩ አልቋል፤ ይህም በብዛት የሚያጋጥመው ነው። የከርነል መልእክቱን፣ የስማርት መዝገቡንና የክስተት ቁጥሩን ማንበብ ግን ደቂቃዎች እንጂ ቀናት አይፈጅም። ዲስኮቹን ሁሉ ለመቅዳት ቦታ የለንም ለሚሉም መንገድ አለ። ሊኑክስ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ጊዜያዊ ንብርብር አድርጎ ጽሕፈቱ ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል እንዲሄድ ማድረግ ይችላል፤ ጥገናው በዚያ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ካላማረ ንብርብሩ ይጣላል፣ ዲስኮቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ብቻ ዲዲሬስኪው በተባለው መሣሪያ አስቀድሞ መቅዳት ግድ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ዜድኤፍኤስን ተጠቀሙና ተገላገሉ የሚል ነው። ዜድኤፍኤስ ፋይል ሲስተሙንና ሬይዱን አዋህዶ ለእያንዳንዱ ብሎክ ቼክሰም ስለሚይዝ የትኛው ቅጂ እንደሚዋሽ ያውቃል፤ አዲስ ሰርቨር ለሚያቅድ ሰው እኔም ይህን መንገድ እደግፋለሁ። የመመርመር ግዴታን ግን አያነሳም። ኦፕንዜድኤፍኤስ የተባለው የዜድኤፍኤስ ክፍት ሶፍትዌር 2.2.0 እትም ከወጣ በኋላ በኖቬምበር 2023 በተገኘ አንድ ስህተት፣ ገና የተጻፈ ፋይል ሲቀዳ አልፎ አልፎ የይዘቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ይነበብ ነበር። ቅጂው በዜሮ ተሞልቶ ይጻፋል፣ ለዜሮውም ትክክለኛ ቼክሰም ይመዘገባል፤ ስለዚህ ፍተሻው ምንም አላየም። ስህተቱ በ2.2.2 እና በ2.1.14 እትሞች ተስተካክሏል። እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚመልሰው በሌላ ማሽን ላይ ያለ፣ ከስህተቱ በፊት የተወሰደና ተከፍቶ የተሞከረ ባክአፕ ብቻ ነው። ሬይድ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም በእኩል ታማኝነት ያባዛል።

በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የሶፍትዌር ሬይድ ፍተሻ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ እንዲሠራ ተደርጎ ይመጣል፤ ያልተስማሙት ቦታዎች ብዛትም በሲስተሙ ውስጥ ይቀመጣል። በሬይድ 1 ላይ ስዋፕ ካለ ቁጥሩ ያለ ጉዳት ከዜሮ ሊበልጥ ይችላል፤ በሬይድ 5 እና 6 ግን ከዜሮ የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ፋይል ሲስተሙ እስኪጮኽ ሳትጠብቁ ይህን ቁጥር በዚህ ሳምንት አንብቡት።