ገናን የሚያደምቀው፣ ሕጻናትን ያስፈራው ድምጽ፦ የፊሊ ሉታያ ዘፈን ለምን ዛሬም ያስደነግጣል?

የፈረንጆቹ ዲሴምበር ሲገባ በካምፓላ እምብርት የሚገኘው ኪኩቦ እግር ማስቀመጫ ያጣል። ስሙ በሉጋንዳ ቋንቋ ጠባብ መተላለፊያ እንደ ማለት ነው፤ የጅምላ ንግዱ ሰፈርም ስሙን አይክድም። ተሸካሚዎች ካርቶንና ጆንያ አናታቸው ላይ አድርገው በሰው መሃል ይሹለከለካሉ። ለበዓል ወደ ትውልድ መንደሩ የሚጓዘው ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ከዚህ ሸምቶ፣ አቅራቢያው ወዳለው መናኸሪያ ያዘግማል።

በእነዚህ ሳምንታት በከተማዋ ሱቆችና ታክሲዎች ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ድምጽ አለ። ኡጋንዳውያን ‘ሴኩኩሉ’ የሚሉትን የገናን በዓል ያለዚህ ድምጽ ማሰብ ይቸግራቸዋል። ባለቤቱ ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያ ይባላል፤ በሕይወት ከተለየ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። በልጅነታቸው የሰሙት ግን ሌላም ዘፈን ያስታውሳሉ። በዚያው ድምጽ በእንግሊዝኛ የተዘፈነ፣ ዝግ ያለና ‘ብቻዬን፣ ፈርቼ’ የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የያዘ ዘፈን ነው። ‘አሎን ኤንድ ፍራይትንድ’ ይባላል።

ይህ ዘፈን በሬዲዮ ሲጀምር ለምን የልጆች ገላ ይሰቀጥጥ እንደነበር ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እአአ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ራካይ ሰዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ሕዝቡ በሽታውን ከእንግሊዝኛው ‘ቀጭን’ ከሚለው ቃል ወስዶ ‘ስሊም’ አለው፤ በሉጋንዳ ‘ሲሊሙ’ የሚለው የኤድስ መጠሪያ እስካሁን አለ። በ1985 ሐኪሞች ስለ በሽታው ‘ላንሴት’ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። በየመንደሩ ግን ጥንቆላ ነው የሚለው ወሬ ከሐኪሞቹ ጽሑፍ ይልቅ ፈጥኖ ይዛመት ነበር። የታመመው ሰው የሚሞተው በሌላ በሽታ ስም ነው፤ ቤተሰቡ የሚቀብረውም ቃሉን ሳያነሳ ነው።

ሉታያ በዚህ ወቅት በስዊድን የሚኖር፣ ‘ቦርን ኢን አፍሪካ’ በተባለው ሥራው ዝናው የናኘ ሙዚቀኛ ነበር። በ1989 ወደ አገሩ ተመልሶ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በአደባባይ ተናገረ። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ማጂክ ጆንሰን ተመሳሳይ ነገር የተናገረው ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስብ የእርምጃው ክብደት ይገባናል። ብዙዎች አላመኑትም። ገንዘብ ለመሰብሰብ፣ ካሴት ለመሸጥ የፈጠረው ነው ያሉ ነበሩ። እሱ ግን በቀረው ጊዜ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ ተናገረ፤ ዘፈነም። የመጨረሻ ወራቱን የሚያሳየው ዘጋቢ ፊልም በ1990 በአሜሪካው ፒቢኤስ ጣቢያ ቀርቧል። ሰውነቱ ሲመነምን የተጠራጠሩት ሳይቀሩ አዩ። ዲሴምበር 15 ቀን 1989 ሲያርፍ 38 ዓመቱ ነበር፤ ገና አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

ዘፈኑ የሚጀምረው በጨለማ ውስጥ ብቻውን በቀረ ሰው ስሜት ነው። ኋላ ላይ ወደ ጥሪ ይለወጣል፤ አብረን እንቁም ይላል። አዋቂው የሚሰማው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። ልጅ ግን መጀመሪያው ላይ ይቀራል። ዘፋኙ ደግሞ ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ አልነበረም፤ የራሱን ሞት እየዘፈነ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እስከ 1993 ድረስ በአገሪቱ የሚደመጠው የመንግሥት ሬዲዮ ስለነበር፣ ያልወደዱትን ዘፈን ትቶ ወደ ሌላ ጣቢያ መሸሽም አይቻልም። ከዘፈኑ ጋር ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቁ መልዕክቶች ይተላለፉ ነበር። በዚያው ቤት አጎት ወይም እናት ጓዳ ተኝተው፣ ስለ ሕመማቸው ማንም ምንም የማይናገር ሊሆን ይችላል። ወረርሽኙ በኡጋንዳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕጻናትን ያለ ወላጅ አስቀርቷል። ለእኔ የሚያሳምነኝ ምክንያት ይህ ነው፦ ልጁ የፈራው ዜማውን ሳይሆን፣ ትልልቆቹ የደበቁትን ነገር ሬዲዮው ስለተናገረ ነው።

በዓለም ላይ በአስፈሪነታቸው የታወቁ ዘፈኖች ብዙ ናቸው። በ1930ዎቹ ሃንጋሪ ውስጥ የተደረሰው ‘ግሉሚ ሰንደይ’ ሰዎችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ይገፋፋል ተብሎ ስሙ ጠፍቷል፤ ቢቢሲም የቢሊ ሆሊዴይን ቅጂ ለረጅም ዓመታት ከአየር አግዶታል። በዚያ ዘፈን ዙሪያ ያለው ፍርሃት ግን በአብዛኛው ወሬ የወለደው ነው። የሉታያ ዘፈን ወሬ አላስፈለገውም።

ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ይህን ስሜት ከራሳቸው ትዝታ ያውቁታል። በርካታ ድምጻውያን በጋራ የተጫወቱት ‘ማለባበስ ይቅር’ የተሰኘው ዘፈን በቴሌቪዥን ሲጀምር፣ ቡና ላይ የነበረው ጨዋታ የሚቋረጥባቸው ቤቶች ነበሩ። ያኔ ‘ሳንባ ነው’፣ ‘ያ በሽታ ነው’ ይባል ነበር እንጂ ስሙ አይጠራም። የዘፈኑ ርዕስ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ንግግር የተሰጠ መልስ ነበር።

በኡጋንዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአዋቂዎች 15 በመቶ ገደማ ቫይረሱ በደማቸው እንደነበር ይገመታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አኃዙ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለዚህ የመንግሥት ዘመቻ፣ በ1987 የተመሠረተው ታሶን የመሰሉ ድርጅቶች ሥራ፣ የባሕርይ ለውጥ፣ መራሩ የሞት ብዛትም ድርሻ አላቸው። የአንድ ዘፈን ድርሻ ስንት እንደሆነ መለካት አይቻልም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ እየሄዱ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መርሃ ግብር ግን በሉታያ ስም ተጠርቷል።

ዛሬ መድኃኒት አለ። የሉታያ ሕመም በዚያን ጊዜ የሞት ፍርድ እንደነበር ለወጣቶች ማስረዳት አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት የገናውን ዘፋኝ ነው። አስፈሪው ዘፈን በዲሴምበር 1 የዓለም የኤድስ ቀን ከማኅደር ወጥቶ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በኪኩቦ ጆንያው በአናት ላይ ሲያልፍ፣ ገበያተኛው በዋጋ ሲከራከር፣ ያው ድምጽ በሉጋንዳ እንኳን አደረሳችሁ ይላል።