«ነጂ» እና «ተሳፋሪ»፦ ስለ ሁለት የካንሰር ጥናት ስያሜዎች

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ ፍቺው ብቻውን አይመጣም፤ በውስጡ ያዘለው ፍርድም አብሮ ይመጣል። በካንሰር ጥናት ውስጥ ሚውቴሽኖች የሚከፈሉባቸው ሁለት ስያሜዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በቅድሚያ ግን ስለ በሽታው ስም አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። «የሳንባ ነቀርሳ» በአማርኛ ቲቢን ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ «ነቀርሳ» በማለት ፈንታ «ካንሰር» የሚለውን እንጠቀማለን።

ጽንሰ ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው። ሕዋስ ሲከፈል ዲ.ኤን.ኤ.ውን ይገለብጣል። በግልበጣ ስሕተት፣ በጨረር ወይም በኬሚካል ምክንያት በዲ.ኤን.ኤ.ው ላይ የሚደርሰው ዘላቂ ለውጥ ሚውቴሽን ይባላል። ከሚውቴሽኖች ጥቂቶቹ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ እንዲራባ ያስችሉታል፤ እነዚህ ነጂዎች ናቸው። የቀሩት በዚያው ሕዋስ ውስጥ ስለተገኙ ብቻ ከእርሱ ጋር ይባዛሉ፤ እነዚህ ተሳፋሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች ካንሰሩ ከመጀመሩ በፊት በሕዋሱ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው።

የቁጥራቸው ልዩነት ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በ210 ካንሰሮች ውስጥ 518 ዘረመሎችን የመረመረ ጥናት ከ1,000 በላይ ሚውቴሽኖችን አግኝቶ፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ሳይሆኑ እንደማይቀር አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የታተመው፣ የ2,658 ካንሰሮችን ሙሉ ዲ.ኤን.ኤ. የመረመረው ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ በአንድ ካንሰር ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ነጂዎች ብቻ እንዳሉ ገልጿል።

ለመጀመሪያው ስያሜ «መሪ»፣ «ሾፌር»፣ «አሽከርካሪ» እና «ነጂ» ሊታሰቡ ይችላሉ። «መሪ» መድረሻውን የሚያውቅ ያስመስላል፤ ሚውቴሽን ግን ዓላማ የለውም። «ሾፌር» የሙያ ስም ነው። «አሽከርካሪ» ከመንኰራኵር ጋር የተያያዘ ነው። «ነጂ» ግን ለከብትም ለመኪናም ያገለግላል፤ ገፍቶ ማስኬድን ያሳያል፤ «ነዳ»፣ «ተነዳ»፣ «መንዳት» እያለም ይረባል።

ለሁለተኛው «መንገደኛ» ቢባል፣ መንገደኛ በገዛ እግሩም ይሄዳልና ከሐሳቡ ይርቃል። «ጥገኛ» ተውሳክን ያስታውሳል። «አጃቢ» አገልግሎት የሚሰጥ ያስመስላል። «ተሳፋሪ» በሌላው ኃይል መጓዝን ይናገራል፤ ስለ ተጓዡ ጠባይ ግን ምንም አይፈርድም።

ተርጓሚው ይህን ቃል «ጉዳት የለሽ» ወይም «ከንቱ» ብሎ ለማብራራት ቢፈተን በሦስት ምክንያቶች ይሳሳታል። አንደኛ፣ ሚናው እንደ ሁኔታው ይለወጣል። በሳንባ ካንሰር፣ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. በተባለው ዘረመል ላይ የሚገኘው ቲ790ኤም አንዳንድ ጊዜ ከሕክምናው በፊት በጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ሳይጎላ ይኖራል፤ ጌፊቲኒብን የመሰለ መድኃኒት ሲሰጥ ግን የተሸከሙት ሕዋሳት መድኃኒቱን ተቋቁመው ይበዛሉ። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «ጉዳት የለሽ» ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ አንባቢውን ባሳሳተ ነበር። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳቀረበው፣ አንዳንድ ተሳፋሪዎች ራሱን የካንሰሩን ሕዋስ በመጠኑ ይጎዳሉ፤ ሲጠራቀሙም እድገቱን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ከእነርሱ የሚመነጩ እንግዳ ፕሮቲኖችም ለሰውነት መከላከያ ምልክት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ ተሳፋሪዎች የበሽታውን ታሪክ ይመሰክራሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲን በቲ የመተካት፣ የትምባሆ ጢስ ደግሞ ጂን በቲ የመተካት ዝንባሌ ስላላቸው፣ የሚተዉት አሻራ መንስኤውን ለማወቅ ይረዳል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ፍቺዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ነጂ ሚውቴሽን፦ በተወሰነ ካንሰር ውስጥና በተወሰነ ሁኔታ፣ ለተሸከመው ሕዋስ የመራባት ወይም የመትረፍ ብልጫ የሚሰጥ ሚውቴሽን።

ተሳፋሪ ሚውቴሽን፦ በተወሰነ ካንሰር ውስጥና በተወሰነ ሁኔታ፣ እንዲህ ያለ ብልጫ ሳይሰጥ ከሕዋሱ ጋር የሚባዛ ሚውቴሽን።

በሁለቱም ፍቺዎች ውስጥ «በተወሰነ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ሊቀር አይገባም። እርሱ ከተዘለለ፣ ስያሜው ጊዜያዊውን ሚና የሚውቴሽኑ ቋሚ ባሕርይ አድርጎ ያቀርበዋል።