የባትሪው ቁጥር ለምን ይሳሳታል? ሙቀትና የቻርጅ ጠቋሚ በጅቡቲ ከተማ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ በደጋው አገር ዝናብና ጭቃ በሚሆንበት ወቅት፣ በጅቡቲ ከተማ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከተነሣማ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። በዚህ ወቅት ከተማሪዎችም ከመምህራንም ደጋግመን የምንሰማው አንድ ስሞታ አለ። ይኸውም ስልኩ 30 በመቶ ይቀረኛል እያለ ድንገት ይጠፋል፤ ቻርጅ ላይ ሲሰኩት ደግሞ ወዲያው 25 ብሎ ይነሣል የሚል ነው። ባለቤቱም ባትሪው አልቆለታል ብሎ ይፈርድና አዲስ ይገዛል። አንዳንዴ አዲሱም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጠባይ ያሳያል። ገንዘቡ ወጣ፤ ችግሩ ግን አልተነካም።

ስለዚህ ነገር ለመነጋገር በቅድሚያ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርብናል። ለመሆኑ ስልኩ 30 በመቶ እንደቀረው በምን ያውቃል?

የከባድ መኪና ነጂዎች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል። ከወደቡ ዕቃ ጭነው በጋላፊ በኩል ወደ አገር ቤት የሚጓዙት መኪናዎች በነዳጅ ታንካቸው ውስጥ ተንሳፋፊ አላቸው። ነዳጁ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ በነጂው ፊት ያለው ጠቋሚም ይህንኑ ይናገራል። ጠቋሚውን ያላመነ ነጂ ታንኩን ከፍቶ በእንጨት ሊለካ ይችላል። ባትሪ ውስጥ ግን ተንሳፋፊ የሚጣልበት ነገር የለም። በሊትየም አዮን ባትሪ ውስጥ አዮኖቹ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሻገራሉ እንጂ ከባትሪው የሚወጣ ወይም የሚጎድል ነገር ስለሌለ፣ ቀሪውን ሙል በዓይን አይቶ ወይም በሚዛን መዝኖ ማወቅ አይቻልም። ያለው አማራጭ መገመት ነው። ይህን የግምት ሥራ የሚሠራው ከጣት ጥፍር ያነሰ አንድ ቺፕ ሲሆን፣ መሐንዲሶች ስሙን ከመኪናው ወስደው የነዳጅ ጠቋሚ ይሉታል።

የመገመቻው መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቮልቴጅን ማንበብ ነው። የተለመደው ሴል ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት፣ ሲያልቅ ወደ 3.0 ቮልት ያሳያል። ችግሩ ቮልቴጁ እንደ ደረጃ እኩል እኩል እየወረደ አለመሄዱ ነው። ከላይና ከታች ቶሎ ይለዋወጣል፤ መሐል ላይ ግን ከ3.7 እስከ 3.8 ቮልት ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ብዙ ሙል ተጠቅጥቆ ይገኛል። እዚያ ላይ የ1 መቶኛ ቮልት ስሕተት የመቶኛውን ቁጥር በብዙ ያዛባዋል። ከዚህም በላይ ባትሪው ሥራ ላይ ሳለ የሚነበበው ቮልቴጅ የዕረፍቱ ቮልቴጅ አይደለም። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 0.15 ኦም የሆነ ሴል 1 አምፔር ሲሰጥ፣ በኦም ሕግ መሠረት 0.15 ቮልት ይጎድልበታል። ሴሉ አርጅቶ ሬዚስታንሱ 0.30 ኦም ቢደርስ ጉድለቱም 0.30 ቮልት ይሆናል። እንግዲህ ስልኩ ብዙ ጅረት በሚስብበት ቅጽበት ቮልቴጁ ከተወሰነለት ዝቅተኛ ወሰን በታች ይወርድና ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ሙሉ ግን ገና በውስጡ አለ። ቻርጅ ላይ ሲሰካ 25 ብሎ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የአፕል ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አንዳንድ አይፎኖችን ፍጥነት ዝቅ ማድረጉን ሲያምን፣ የሰጠው ምክንያት ይህንኑ ድንገተኛ መጥፋት ለመከላከል ነው የሚል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ መቁጠር ነው። ከባትሪው ጋር በተከታታይ አንድ በጣም ትንሽ ሬዚስተር፣ ለምሳሌ 0.010 ኦም፣ ይገባል። 1 አምፔር ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 10 ሚሊ ቮልት ይታያል። ቺፑ ይህን እየለካ ከጊዜው ጋር ያባዛና የገባውንና የወጣውን ይደምራል። ሙል ማለት ጅረት ሲባዛ በጊዜ መሆኑን ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ 1 አምፔር ሰዓት 3600 ኩሎምብ ነው። ይህ ዘዴ መሐል ላይ አይደናገርም። ነገር ግን የመነሻውን ሒሳብ ካላወቀ፣ በካዝናው ውስጥ ስንት እንደነበረ ሳይነገረው የዕለት ገቢና ወጪ ብቻ እንደሚጽፍ ገንዘብ ያዥ ነው። ትናንሽ ስሕተቶቹም ይጠራቀማሉ። ቺፑ 10 ማይክሮ ቮልት ብቻ ቢሳሳት በ0.010 ኦም ሬዚስተር ላይ 1 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። በ24 ሰዓት 24 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይሆናል። አቅሙ 3000 ለሆነ ባትሪ ይህ በቀን 0.8 በመቶ፣ በ10 ቀን 8 በመቶ ነው። መሣሪያው ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ ማለታችን ነው።

ስለሆነም ጥሩ ቺፕ ሁለቱንም ያጣምራል። ባትሪው ሲሠራ ይቆጥራል፤ ሲያርፍ ቮልቴጁን አንብቦ ሒሳቡን ያስተካክላል። በሁለት ዕረፍቶች መካከል ስንት ሙል እንደወጣ በማየትም የባትሪው እውነተኛ አቅም ከዕድሜ ጋር ምን ያህል እንደቀነሰ ይማራል። ሁሉም ስልክ የአንድ ፋብሪካ ቺፕ አይጠቀምም። ነገር ግን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢምፒዳንስ ትራክ ለሚለው ዘዴው ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች የነገሩን ጠባይ ቁልጭ አድርገው ስለሚያሳዩ እንመልከታቸው። በተለመደው አቀማመጥ ቺፑ የዕረፍት ቮልቴጅን የሚቀበለው ለውጡ በሴኮንድ ከ4 ማይክሮ ቮልት በታች ሲሆን፣ ወይም ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ ዕረፍት ሲያልፍ ነው። አቅሙን ለማደስ በሁለቱ ዕረፍቶች መካከል ቢያንስ 37 በመቶ ሙል መውጣት ወይም መግባት አለበት። ቮልቴጁ በዚያ በጠፍጣፋው መሐል ላይ ከሆነ አይቀበለውም። የሙቀቱም መጠን ከ10 እስከ 40 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት።

የመጨረሻዋን ሁኔታ ከጅቡቲ ሐምሌ ጋር አስተያዩአት! አየሩ 41 ዲግሪ፣ ስልኩ በኪስ ወይም በመኪና መስታወት ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ። እንዲህ ያለው ቺፕ በቀን ከቶ የመማር ዕድል አያገኝም። ሌሊቱ ከ40 በታች ቢወርድም ስልኩ አዳሩን ቻርጅ ላይ ተሰክቶ መልእክት ሲቀበል ያድራል። በዚያው ወቅት ደግሞ ሙቀቱ ባትሪውን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ፈጥኖ ያስረጀዋል። አፕል ራሱ ከ35 ዲግሪ በላይ የሆነ አየር የባትሪውን አቅም ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በእኛ አስተያየት የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ባትሪው በፍጥነት በሚለወጥበት ወር፣ ጠቋሚው የሚሠራው ቀደም ሲል በቀዝቃዛዎቹ ወራት በተማረው ነው።

በሙቀት የውስጥ ሬዚስታንስ መጠነኛ ቅናሽ ስለሚያሳይ፣ የደከመ ባትሪ በጅቡቲ ድካሙን ሊደብቅ ይችላል። ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ የገባ ሰው በማለዳው ብርድ ስልኩ በ20 በመቶ ቢጠፋበት የደጋው አየር አበላሸብኝ ብሎ ባያማ ጥሩ ነው። ብርዱ የነበረውን ድካም ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

እንግዲህ ጥፋቱን ለማግኘት ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሳሳት ማስተዋል ይጠቅማል። ስልኩ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ የሚጠፋ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን የማይጠፋ ከሆነ የሴሉ ሬዚስታንስ ጨምሯል፤ በእውነት አርጅቷል፤ መለወጥ ነው። ሥራው ቀላልም ሆነ ከባድ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር አካባቢ የሚጠፋ ከሆነ ግን የቺፑ ማስታወሻ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ቺፑ አቅሙን 4000 ብሎ ይዞ እውነተኛው 3000 ቢሆን፣ 3000ው ወጥቶ ሲያልቅ ጠቋሚው ገና 25 በመቶ ይላል። ነገሩ በተገላቢጦሽ ቢሆን ቁጥሩ 1 ላይ ይደርስና ስልኩ ከዚያ በኋላ ብዙ ይሠራል። ሳይነኩት ከቀን ወደ ቀን ሒሳቡ የሚዛነፍ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያየነው የማይክሮ ቮልት ስሕተት ነው።

በራሳቸው እጅ የፀሐይ መብራት ወይም ሬዲዮ የሚገጣጥሙ ተማሪዎች አዘውትረው የሚፈጽሙት አንድ ስሕተት አለ። ጭነቱን ከመቁጠሪያው ሬዚስተር ማዶ ከማሰር ይልቅ በቀጥታ ከሴሉ ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ይበይዱታል። ጅረቱም በጓሮ በር ይወጣል፤ ቺፑ አያየውም፤ ባትሪው ባዶ ሲሆን ጠቋሚው ሙሉ ነው ይላል። ሽቦውን መከተል ብቻ ይበቃል።

ከገበያ የተገዛ ምትክ ባትሪም መመርመር ያሻዋል። በባትሪው ውስጥ የሙቀት መጠን የሚናገር ቴርሚስተር የሚባል ሬዚስተር አለ። የተለመደው ዓይነት በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ሲሆን በ40 ዲግሪ ወደ 6 ኪሎ ኦም ገደማ ይወርዳል። አንዳንድ ርካሽ ባትሪዎች ግን በቴርሚስተሩ ፈንታ የማይለወጥ ተራ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባባቸዋል። እንዲህ ያለው ባትሪ በጅቡቲ ፀሐይ ላይ እየጋለ «25 ዲግሪ ነኝ» ይላል። ነገሩ ቁጥር ከማዛባት ያልፋል። ብዙዎቹ ሴሎች ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዳይደረጉ የሚከለክለው ጥበቃ በዚሁ ቴርሚስተር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ጥበቃውም አብሮ ይቀራል። ያበጠ ባትሪ ያየ ሰው መቶኛውን ትቶ ወዲያው ከአገልግሎት ያውጣው። መጫን፣ መውጋት፣ እንደገና ቻርጅ ማድረግ አይገባም።

ባትሪው ካላበጠና እጅግ ካላረጀ ቺፑን እንደገና ማስተማር ይቻላል። ሥራው በሌሊት ወይም ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ይሁን። እስኪሞላ ቻርጅ ማድረግ፤ ነቅሎና አጥፍቶ 2 ሰዓት ያህል ማሳረፍ፤ ከዚያ በተለመደው ሥራ ራሱ እስኪጠፋ መጠቀም፤ እንደጠፋ 5 ሰዓት መተው፤ በመጨረሻም ሳያቋርጡ መሙላት። ባትሪን ደጋግሞ እስከ ባዶ ማውረድ ስለሚጎዳው ይህን በየሳምንቱ ማድረግ ልክ አይሆንም። የበጋው ሙቀት ሲያልፍ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይኸው ጥያቄ ወደ መኪና ተሸጋግሯል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው የሊትየም ብረት ፎስፌት ሴል ለአብዛኛው የሙል ክልሉ ከ3.2 እስከ 3.3 ቮልት ባለው ላይ ስለሚቆይ፣ ቮልቴጁ ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ እስከ 100 ሙሉት የሚሉት፤ ቆጣሪው ሒሳቡን የሚያርምበት ጫፍ እርሱ ነው።

በክፍል ውስጥ ለመሞከር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ጥራቱ የታመነና መከላከያ ያለው 18650 የሚባል አንድ ሴል ከነመያዣው፣ ሁለት ባለ 10 ኦምና ባለ 5 ዋት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ተያይዘው 5 ኦም እንዲሆኑ፣ ቮልት ሜትር፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት። ሬዚስተሮቹ ስለሚግሉ በእጅ አይነኩ፤ መምህሩም ከአጠገቡ አይራቅ። በየ15 ደቂቃው ቮልቴጁ ይጻፍ፤ ለ5 ሲካፈል ጅረቱ ይገኛል፤ በ0.25 ሰዓት ሲባዛ የወጣው ሙል ይታወቃል። ቮልቴጁ 3.9 ከሆነ ጅረቱ 0.78 አምፔር፣ በሩብ ሰዓት የወጣው 195 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። 3.0 ቮልት ላይ ይቁም፤ ድምሩም በሴሉ ላይ ከተጻፈው አቅም ጋር ይነጻጸር። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ሽቦው ይነቀልና ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይታይ፤ ጭማሪው ለነበረው ጅረት ሲካፈል ግምታዊው የውስጥ ሬዚስታንስ ይገኛል። ያው ሴል በጥርና በሰኔ ተሞክሮ ሁለቱ ግራፎች በአንድ ወረቀት ላይ ቢሣሉ፣ በጅቡቲ ያሉ ተማሪዎች የደጋው ጓደኞቻቸው በቀላሉ የማያገኙትን የሙቀት ልዩነት ያለ ምንም ማሞቂያ ያገኙታል።